እጩ መምህራን ከልጅ ጋር ሳይተዋወቁ እንዳይመረቁ

ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆች

ጉዳዩ፦ እጩ መምህራን ሊኖራቸው ስለሚገባ ክህሎትና ሥነ ምግባር

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎችና የኮሌጅ መምህራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርሁ፣ ካለፉት ዘጠኝ ዓመታት ወዲህም ለማስተማር ልምምድ ከኮሌጅ የሚላኩ እጩ መምህራንን በአማካሪ መምህርነት የምቀበል ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ከክፍሌ የኋላ ወንበር ተቀምጬ የተመለከትኋቸው እጩዎች ከመቶ ይበልጣሉ። ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ የሆኑ አሉ፤ ከሙያው ወጥተው በሌላ ሥራ የተሰማሩም አሉ። ስለ መምህራን ብቃት ማነስ በየስብሰባው ሲነገር እሰማለሁ፤ ንግግሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከእጩው የመግቢያ ነጥብ ይጀምርና ደመወዙ ላይ ያልቃል። በመካከል የሚዘለለው፣ ይህ ወጣት ነገ ልጆች ፊት ሲቆም ምን ማድረግ መቻል አለበት የሚለው ጥያቄ ነው። እኔም የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት እጩ መምህርት በሁለተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያዘች። የዕለት የትምህርት ዕቅዷ እንከን አልነበረውም፤ ዓላማው፣ የመምህሩና የተማሪው ተግባር፣ የምዘናው ስልት ሁሉም በየሣጥኑ ተሞልቷል። የፊደል ገበታውን ሰቅላ በዘንግ እየጠቆመች «ቀ፣ ቁ፣ ቂ» ስትል ስልሳ ስምንቱ ልጆች ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተቀበሏት። «ገባችሁ?» አለች። «አዎ መምህር!» አሏት። ደወሉ ሲደወል ፊቷ በርቶ ነበር። ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት አንዷን ልጅ ጠርታ ገበታው ላይ «ቄ»ን ብቻ እንድታስነብባት ለመንኋት። ልጅቷ ጥቂት ተመለከተችና ከረድፉ መጀመሪያ ከ«ቀ» ተነሥታ በሹክሹክታ እየቆጠረች አምስተኛው ላይ ስትደርስ «ቄ!» አለች። የቀሩትን ፊደላት በደብተር ሸፍነን ያንኑ ፊደል ስንጠይቃት ዝም አለች። ሌሎች አራት ልጆች ሞከርን፤ ሦስቱ እንደ እርሷ ነበሩ። እጩዋ ፊቷ ተለዋውጦ «እስከ ዛሬ ስማር ይህን ያሳየኝ ሰው የለም» አለችኝ። አመንኋት፤ እኔንም በሥልጠና ላይ ሳለሁ ያሳየኝ አልነበረምና።

ነገሩ ግን ለአገራችን ትምህርት እንግዳ አልነበረም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን ከላይ እስከ ታች ካዜመ በኋላ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» የሚለው አደራደር በዜማ የተያዘውን ቅደም ተከተል ይበትነዋል፤ ግዕዙን ከአንዱ ቤት፣ ካዕቡን ከሌላው፣ ሣልሱን ከሦስተኛው እያነሣ ስለሚሄድ፣ ፊደሉን በመልኩ ያላወቀ ልጅ እዚያ ላይ መያዙ አይቀርም። በዚያ ላይ ልጁ የኔታ ፊት ብቻውን ቀርቦ ይጠየቃል። እኛ የጋራ ዜማውን ከዚያ ሥርዓት ወርሰን፣ ለየብቻ መጠየቁን ግን እዚያው ትተነው መጣን። (የየኔታን አለንጋ ማንም እንዲመልስልኝ እንዳልለመንሁ ይታወቅልኝ፤ ስለ አለንጋ ኋላ እመለስበታለሁ።) እንግዲህ ከእጩ መምህር የሚጠበቀው የመጀመሪያው ክህሎት ይህ ይመስለኛል፦ የጋራ ድምፅ የሸፈነውን የእያንዳንዱን ልጅ አለማወቅ ፈልጎ ማግኘት። ማብራራት፣ ሰሌዳ ላይ አስተካክሎ መጻፍ፣ ዕቅድ ማዘጋጀት ሁሉም ያስፈልጋሉ፤ ያለዚህ ግን ድካሙ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ ደግሞ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩም ዓመት 3.2 በመቶ። አገር ሁሉ የደነገጠው በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነበር። ሆኖም ያን ፈተና የወሰዱት ወጣቶች አብዛኞቹ ፊደል የቆጠሩት የንባብ ምዘናው በተካሄደበት ዘመን አካባቢ ነው። መጻፍና ማንበብ ሳይደላደል ከክፍል ክፍል የተሻገረ ልጅ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በምን ዓይኑ ያነብባል? የ12ኛ ክፍሉ ውጤት ሲወጣ ጥያቄው ለሁለተኛ ደረጃ መምህራን ብቻ መቅረቡ ስለዚህ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የትምህርቱ ይዘት እውቀት ነው። በአራተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ። እጩው መምህር በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አድርጎበት አለፈ። በእረፍት ሰዓት ልጁ ለምን እንዲህ እንዳደረገ እጩውን ጠየቅሁት። «አላጠናም» አለኝ። ልጁን ጠርተን «እንዴት አገኘኸው?» ብንለው ግን ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት እንደ ደመረ በኩራት አስረዳን። መደመርን በሚያውቀው መንገድ ሠርቶታል፤ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ያን ጊዜ «ግማሽ እንጀራ ላይ ሲሶ እንጀራ ብጨምርልህ ከግማሽ ያንሳል ወይስ ይበልጣል?» ስለው ሳቀና «ይበልጣል እንጂ!» አለ፤ ቀጥሎም ደብተሩን አይቶ ዝም አለ። ያ ዝምታ ትምህርቱ የገባበት ሰዓት ነበር። እጩው ወደ እንጀራው ምሳሌ ለመድረስ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ እንደሚያንስ ራሱ ወዲያው ማየት መቻል ነበረበት። እርሱ ቻለ። ያልቻሉም አጋጥመውኛል፤ ይህን የምጽፈው ላሳፍራቸው ብዬ አይደለም፤ በዚያው ዓይነት ክፍል ያለፉ፣ «አዎ መምህር» ሲሉ ያደጉ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ምልመላ ጥቂት ልበል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን መሰናዶ ያልደረሰው ወደ መምህራን ኮሌጅ ይላክ ነበር፤ ፈተናው ከቀረ በኋላም ለብዙ ወጣት ኮሌጁ ሌላው በር ሲዘጋ የሚንኳኳ በር እንደሆነ ቀጥሏል። በመጨረሻ ምርጫው ገብቶ ድንቅ መምህር የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ ስለዚህ የመጣበትን ምክንያት ብቻ አይቶ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን አመልካቹን በነጥቡ ብቻ ከመቀበል፣ ቢያንስ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ፣ አንድ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ጥያቄ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሆኖ እንዲያስረዳ፣ ከልጆች ጋር ግማሽ ቀን ውሎ ያየውን እንዲናገር ማድረግ ይህን ያህል ወጪ አይጠይቅም። ልጆች የሚያሰለቹት ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ይታወቃል፤ ራሱም ያውቀዋል።

ስለ «ገባችሁ?» አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህች ጥያቄ በአገራችን ክፍሎች ሁሉ ከጠመኔ ይልቅ ብዙ አገልግላለች። ልጁ «አልገባኝም» ቢል ሰነፍ ይባላል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል፤ ስለዚህ መልሱ ከመጠየቁ በፊት የታወቀ ነው። ጥሩ የሠለጠነ እጩ ይህችን ቃል ትቶ «ሁላችሁም በደብተራችሁ አንድ ምሳሌ ጻፉ» ይልና በመደዳው መካከል ይዞራል። በፔዳጎጂ ኮርስ ስለ ተከታታይ ምዘና ብዙ ገጽ እንደሚነበብ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሲመጣ ግን ነገሩ ሁሉ አምስት ማርክ፣ አሥር ማርክ እየሰጡ ሮስተር (የውጤት መመዝገቢያ) ወደ መሙላት ይወርዳል።

መምህሩ ልጁን እንዲያይ ሳይፈለግ ሲቀር ምን እንደሚሆን በፕላዝማው ዘመን አይተናል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ የክፍሉ መምህር ለመግቢያና ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተተውለት። በፈጣን እንግሊዝኛ የሚናገረው ሰው ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቅ። ያ መሣሪያ ከግድግዳው ወርዷል። አንዳንድ እጩዎቻችን ግን ዛሬም እንደ ፕላዝማው ያስተምራሉ፤ ጠይቀው ራሳቸው ይመልሳሉ።

አሁን ወደ ሥነ ምግባሩ ልምጣ፤ ከአለንጋው ልጀምር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እጩዎቹ ይህን በኮሌጅ ተምረው፣ በፈተናም መልሰው ይመጣሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ከመካከላቸው አንዱ ልምጭ ይዞ ሲገባ አየዋለሁ። ልምጩን የሰጠው ኮሌጁ አይደለም፤ እኛ ነን፤ ከእኛ አይቶ ነው። እኔም በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ የልጆች ጆሮ ቆንጥጫለሁ፣ በክፍል ፊት አንበርክኬአለሁ፣ «ደደብ» ብያለሁ። ከእነዚያ ልጆች አንዱን አድጎ መንገድ ላይ ሳገኘው ቆሞ እጅ ነሣኝ፤ እኔ ግን ዓይኑን ማየት ከበደኝ። ያን ልማድ ያስተወኝ በአዳራሽ የተሰጠ ገለጻ አልነበረም፤ ሰባ ልጅ ያለ ልምጭ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችኝ አንዲት አንጋፋ መምህርት ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት የሁሉንም ስም ትይዝ ነበር። ደብተር እንዴት እንደሚታደልና እንደሚሰበሰብ፣ ቀድሞ የጨረሰ ልጅ ምን እንደሚሠራ፣ ውጭ መውጣት የፈለገ እንዴት እንደሚጠይቅ አንድ ጊዜ አለማምዳ ዓመቱን ሙሉ ትኖርበት ነበር። ስትቆጣ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ልጆቹ ለመስማት ጸጥ ይላሉ። ልጅን ማክበር የሚባለው እሴት በእርሷ ዘንድ በተግባር የሚታይ የእጅ ሙያ ነበር፤ ለእጩዎችም መሰጠት ያለበት በዚሁ መልክ ነው። ክፍሉን መያዝ ያልተማረ ወጣት፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ አንድ ቀን ልምጩን ማንሣቱ አይቀርም።

ሐቀኝነትም እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሦስት እጩዎች የተቀበልሁት የፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ሪፖርት ከስሙ በቀር ቃል በቃል አንድ ነበር፤ ሦስቱም ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ስላለው ወንዝና በዚያ ምክንያት ስለሚያረፍዱ ተማሪዎች ይተነትናሉ። ትምህርት ቤታችን ወንዝ የለውም። ሪፖርቱ ከሌላ ዓመት፣ ምናልባትም ከሌላ አገር የተቀዳ ነበር። ለኮሌጃቸው አሳወቅሁ፤ ሦስቱም በወቅቱ ተመረቁ። ተግባራዊ ምርምሩም፣ ለሙያ ብቃት ምዘና የሚቀርበው ማህደረ ተግባርም በዚሁ መንገድ የሚዘጋጅባቸው ቦታዎች እንዳሉ በሙያው ውስጥ ያለን ሁሉ እናውቃለን። ፈተናን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አውጥቶ ኩረጃን መከላከል ይቻላል፤ ነገር ግን ኮርጆ የተመረቀ መምህር ክፍል ውስጥ ሆኖ አጎንብሶ የሚገለብጠውን ልጅ ምን ብሎ ይገሥጸዋል? የወረቀቱ ብዛት ራሱ ለዚህ እንደሚጋብዝ ደግሞ መታሰብ አለበት። እጩው ስለ አንድ ልጅ ብቻ፣ በስም ስለሚያውቀው ልጅ፣ በወር ሁለት ገጽ በእጁ ጽሕፈት እንዲጽፍ ቢጠየቅ ከማንም ሊገለብጠው አይችልም።

ስለ ፍትሐዊነት ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ የማየውን ብቻ ላንሣ። እጩዎች በብዛት የሚጠይቁት በፊት ወንበር የተቀመጡትንና እጅ ያወጡትን ነው። ክፍል ጥረጉ ሲባል ዓይናቸው ወደ ሴቶቹ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰው ልጅ «የማይታዘዝ» ተብሎ የተመዘገበው ጆሮው ስለማይሰማ እንደነበር ያወቅነው በሁለተኛው መንፈቅ ነው። በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሲሳሳት ይሳቅበታል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን መብት ያደረገው የ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ በከተማ ክፍሎች ውስጥ ግን ከመማሪያው ቋንቋ የተለየ አፍ ይዞ የሚመጣ ልጅ ሁልጊዜም አለ። ስሙን አስተካክሎ መጥራት እንኳ ለዚያ ልጅ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄዬ ስለ ልምምዱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው፣ በተለምዶ ቴሶ የምንለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ፕራክቲከምን የሥልጠናው ዋና አካል አድርጎት ነበር፤ ሐሳቡ እጅግ መልካም ነበር፣ አሁንም ነው። የሚደርሰን ግን እንዲህ ሆኖ ነው፦ ስምንት እጩዎች በአንድ ክፍል ኋላ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ከልጆቹ ወንበር ሁለቱን ይወስዳሉ። በየተራ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። የኮሌጁ ተቆጣጣሪ አንድ ቀን መጥቶ አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ቅጹን ይሞላል፤ ቅጹ የሚጠይቀው ስለ አለባበስ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀም፣ ስለ ጊዜ አከፋፈል ነው። ልጆቹ ተማሩ ወይ የሚል ረድፍ አላየሁበትም። አማካሪ መምህሩም በሳምንት የሚይዘው ክፍለ ጊዜ አይቀነስለትም፤ ስለዚህ እጩው ሲመጣ ለብዙዎቻችን እፎይ ብለን ደብተር የምናርምበት አጋጣሚ ይሆናል። ይህ የእኛ ጥፋት መሆኑን አልክድም።

እንዲሻሻል የምለምነው ብዙ አይደለም። እጩው በመጨረሻው የሥልጠና ዓመት በመስከረም የስም ጥሪ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ የመንፈቁ ውጤት እስኪሰጥ ድረስ ከአንድ ክፍል ጋር ይቆይ፤ በአንድ ክፍልም ከሁለት እጩ በላይ አይመደብ። ኮሌጁ ሊመዝነው ሲመጣ የእጩውን ንግግር ብቻ ሰምቶ ከመሄድ፣ ከክፍሉ በዕጣ አሥር ልጆችን ጠርቶ ያስነብብ፣ ያሠራ፤ ልጆቹ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት እጩው የትኛው ልጅ የት ላይ እንደሚሳሳትና ለምን እንደሚሳሳት አስቀድሞ ይናገር። ግምቱ ከልጆቹ ጋር ከተገጣጠመ ልጆቹን ያውቃቸዋል ማለት ነው፤ ካልተገጣጠመ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠው እንጂ አይመረቅ። ለአማካሪ መምህርም በሳምንት አራት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት፤ ጥቅማ ጥቅም ሳልጠይቅ ጊዜ ብቻ እየጠየቅሁ ነው። የኮሌጅ መምህራንም በየሁለት ዓመቱ ለአንድ ወር ያህል የሁለተኛ ወይም የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ራሳቸው ቢያስተምሩ ለኮርሶቻቸው የሚሆን ብዙ ነገር ያገኙ ነበር። ይህ የመጨረሻው ሐሳቤ እንደማይወደድ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሳልጽፈው መቅረት አልሆነልኝም።

ስለ ኑሮ ዝም ማለትም ሐቀኝነት አይሆንም። ከጀማሪ መምህር ደመወዝ ላይ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት ሲነሣ የሚተርፈውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እጩዎቹም ያውቁታል፤ በእረፍት ሰዓት የሚያወሩት ስለዚሁ ነው። ትዕግሥትና ቅንነት ከእነርሱ ስንጠይቅ፣ ከሰዓት በኋላ የራሳቸውን ተማሪዎች በክፍያ ለማስጠናት የማይገደዱበትን ኑሮ መንግሥት የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት አብረን መጻፍ ይገባናል። ይሁንና የደመወዙ ጉዳይ እስኪፈታ ድረስ ልጆቹ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆመው አይጠብቁንም፤ ከላይ የጠየቅኋቸው ነገሮችም አብዛኞቹ የፕሮግራም እንጂ የገንዘብ ጉዳዮች አይደሉም።

ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ለዚህ ሙያ ብቻ የተለየ ዩኒቨርሲቲ መቋቋሙ፣ አዲሱም ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አድርጎ እንደገና ማደራጀቱ ሥልጠናውን ለመከለስ መልካም ጊዜ ይመስለኛል። የሥልጠና ሰነዶቹ በሚከለሱበት ጊዜ፣ የሚያዘጋጇቸው ባለሙያዎች አንድ ቀን መጥተው ከእኛ ጋር ቢውሉ ደስ ይለናል። የጠዋቱ ፈረቃ በ2፡00 ሰዓት፣ የከሰዓቱ በ6፡30 ይጀምራል። ከኋላ ሁለት ወንበር አስቀምጣለሁ፤ የፊደል ገበታውና መሸፈኛው ደብተርም እዚያው ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

በአንድ የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የእጩ መምህራን አማካሪ